አንድ ኳስ፣ ሁለት እጅ

ከአንድ ጆንያ በርበሬ፣ ከአንድ ማሰሮ ቅቤ፣ ከአንድ ገበያ ሽንኩርት ተካፍለው ሁለት ሴቶች በየድስታቸው ወጥ ይሥሩ እንበል። የአንደኛዋ ጣት ያስቆረጥማል። የሁለተኛዋ ለወጉ ያህል ይበላል። ምን ጎደለ ቢባል ከዕቃው የጎደለ ነገር የለም። እናቶቻችን ነገሩን በአንዲት ቃል ይቋጩታል፤ «እጇ ነው» ይላሉ። መሰንቆም እንደዚሁ ነው። ያው አንድ ጭራ፣ ያው አንድ ቆዳ፣ በአንዱ አዝማሪ እጅ ሲያለቅስ በሌላው እጅ ሲያንቋርር እንሰማለን።

እኔ ይህን የእጅ ነገር ዛሬ የማነሣው ስለ ወጥም ስለ መሰንቆም ብዬ አይደለም። ስለ ቦሊንግ ኳስ ነው። ነገሩ ተራ የመዝናኛ ወሬ ሊመስል ይችላል። ይሁንና የዚህች ክብ ዕቃ ታሪክ፣ ሰዎች «መሣሪያው እኩል ከሆነ ሰዎቹም እኩል ሆኑ» ብለው ሲያስቡ ምን እንደሚገጥማቸው ከብዙ ትላልቅ መጻሕፍት ይልቅ አጥርቶ ያሳያል ብዬ አምናለሁ።

ቦሊንግ ለኛ ብዙም የቆየ ጨዋታ አይደለም። አስመራን የሚያውቁ አንባቢያን፣ በቃኘው ጣቢያ ለነበሩት የአሜሪካ ወታደሮች ተብሎ እንደተሠራ የሚነገርለትን የከተማይቱን ቦሊንግ ቤት ያስታውሱት ይሆናል። እዚያ ኳሱ የጣላቸውን ፒኖች መልሶ የሚያቆመው መኪና ሳይሆን ሰው ነበር። የአዲስ አበባ ወጣት ደግሞ ጨዋታውን የለመደው በመዝናኛና በገበያ ማዕከሎች ውስጥ ነው። ላላየው ሰው በአጭሩ እንዲህ ነው፤ ተጫዋቹ ከ18 ሜትር በላይ ርዝመትና ከ1 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ስፋት ባለው ለስላሳ ወለል ላይ ከባድ ኳስ ያንከባልላል። ከዳር በሦስት ማዕዘን የቆሙ፣ ጠርሙስ የመሰሉ 10 ፒኖችን በአንድ ውርወራ ከጣለ «ስትራይክ» ይባልለታል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያለማቋረጥ ስትራይክ የመታ ሰው 300 ነጥብ ያገኛል። ከዚያ በላይ ነጥብ የለም።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ሁለት ሰዎች ከአንድ ሱቅ፣ በአንድ ቀን፣ ስሙም ክብደቱም ሥሪቱም አንድ የሆነ ኳስ ይገዛሉ። በአንድ ወለል ላይ ይወረውራሉ። የአንዱ ኳስ ቀጥ ብሎ ይነጉድና ጥቂት ፒኖች ገርስሶ ያልፋል። የሌላው ኳስ እንደ ማጭድ ታጥፎ ይገባና ሁሉንም ያነጥፋል። ለምን?

እኩል ኳስ ፍለጋ

በ19ኛው መቶ ዓመት አሜሪካ ውስጥ ቦሊንግ በብዛት የጀርመን ስደተኞች ጨዋታ ነበር። እያንዳንዱ ከተማ፣ አንዳንዴም እያንዳንዱ አዳራሽ የየራሱ ደንብ ነበረው። የኳሱ ክብደት፣ የፒኑ ቁመት፣ የነጥቡ አቆጣጠር ሳይቀር ይለያይ ነበር። በዚህ ሁኔታ የኒውዮርኩ ጎበዝ ከቺካጎው ጎበዝ ይበልጥ ወይ ያንስ እንደሆነ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ በመስከረም 9 ቀን 1895 (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኒውዮርክ ቤቶቨን አዳራሽ የተሰበሰቡ የክለብ ተወካዮች የአሜሪካ ቦሊንግ ኮንግረስ የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። ማኅበሩ ልኩን ሁሉ ቆረጠ። ኳሱ ከ16 ፓውንድ፣ ማለትም ከ7 ኪሎ ከሩብ ገደማ እንዳይበልጥ ተወሰነ።

ልኩ ቢቆረጥም ኳሱ ራሱ አስቸጋሪ ነበር። በዚያን ጊዜ የሚሠራው ሊግነም ቪታ ከሚባል የሐሩር አገር እንጨት ነው። ይህ እንጨት ከክብደቱ የተነሣ ውሃ ውስጥ ይሰምጣል። የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን ግን እንጨት እንጨት ነው። ይሸረፋል፣ ይሰነጠቃል፣ ክብነቱን ያጣል። ከሁለት ዛፍ የተጠረቡ ሁለት ኳሶችም መንታ ሊሆኑ አይችሉም። በ1905 ከጎማ የተሠራ ኳስ ገበያ ላይ ዋለ። «ኤቨርትሩ» ብለው ሰየሙት፤ ስሙን ብንፈታው «ምንጊዜም የማይዛባ» እንደማለት ነው። በ1914 ደግሞ ብራንስዊክ የተባለው ኩባንያ «ሚነራላይት» የተሰኘውን የጎማ ኳስ አወጣ። የእንጨቱ ዘመን በዚሁ አበቃ።

አሁን ኳሱ እንደ ሳንቲም ከአንድ ቅርጽ የሚወጣ ሆነ። የአንዱ ተጫዋች ኳስ ከሌላው ኳስ አይለይም። ነገር ግን ጥቂት ወር ከተጫወቱበት በኋላ ሁለቱን ኳሶች አጠገብ ለአጠገብ ያስቀመጠ ሰው ልዩነት ያይ ነበር። ኳሱ ወለሉን እየነካ የሄደበት ቦታ ቀለበት ሠርቶ ይፈገፈጋል። የአንዱ ቀለበት በአውራ ጣቱና በሌሎቹ ጣቶች ቀዳዳዎች መካከል ያልፋል። የሌላው ቀለበት ከቀዳዳዎቹ ውጭ በጎን ይዞራል። ልምድ ያለው ሰው ተጫዋቹን ሳያይ ቀለበቱን ብቻ ተመልክቶ እንዴት እንደሚወረውር ይናገራል። ፋብሪካው አንድ ዓይነት አድርጎ ያወጣውን ኳስ የሰው እጅ እንደገና ለያይቶት ነበር።

ሁለት ሰከንድ ከሩብ

እጅ ምን እንደሚያደርግ ለመረዳት ትንሽ ሒሳብ ያስፈልጋል፤ አንባቢን አላሰለችም። በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ የተወረወረ ኳስ ፒኖቹ ዘንድ ለመድረስ ሁለት ሰከንድ ከሩብ ያህል ይፈጅበታል። የኳሱ ዙሪያ 68 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ፍጥነት ሳይንሸራተት ለመንከባለል በደቂቃ 700 ጊዜ በሚሆን ፍጥነት መሽከርከር ይኖርበታል ማለት ነው። ታዲያ አብዛኛው ተጫዋች ከእጁ ሲለቀው የሚሰጠው ሽክርክሪት ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። አንዱ 200፣ አንዱ 350 ይሰጠዋል፤ ጡንቻና ዘዴ ያለው 500 ይሰጠዋል። በመሆኑም ኳሱ በመጀመሪያ ይንሸራተታል። ቀጥሎ ከወለሉ ጋር ያለው ሰበቃ ይይዘውና መታጠፍ ይጀምራል። በመጨረሻ መሽከርከሩና ወደፊት መሄዱ ይስማሙና ዝም ብሎ ይንከባለላል።

ሦስቱ ደረጃዎች የትም ቦታ፣ ለማንም ተጫዋች ያው ናቸው። የሚለያየው እያንዳንዱ ደረጃ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ነው። ፈጥኖ የሚወረውርና ጥቂት የሚያሽከረክር ሰው ኳሱ ሲንሸራተት ፒኖቹ ይደርሱበታል። ቀስ ብሎ የሚወረውርና ብዙ የሚያሽከረክር ሰው ኳሱ ገና መንገድ ላይ ሳለ ጉልበቱን ይጨርሳል። ሦስተኛ ነገርም አለ፤ ጣቶቹ ኳሱን ሲለቁ ወደፊት ነው የሚገፉት ወይስ ወደ ጎን? ወደ ጎን የተሽከረከረ ኳስ ሰበቃ ሲያገኝ በጎን ይጎተታል። ያ ማጭድ የመሰለ ጥምዝ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ጥምዙ ለጌጥ አይደለም። ኳስ አንደኛውንና ሦስተኛውን ፒን በመካከል ሰንጥቆ ሲገባ የተሻለ ውጤት የሚያስገኘው 6 ዲግሪ ገደማ በሆነ ማዕዘን ነው። ወለሉ ጠባብ ስለሆነ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ኳስ ከዳር ቢነሣ እንኳ 2 ዲግሪ አይሞላም። የቀረውን ሊሞላ የሚችለው ጥምዝ ብቻ ነው።

ወለሉም ራሱ ገለልተኛ ዳኛ አይደለም። ለእንጨቱ መጠበቂያ ተብሎ የተጀመረው ዘይት ዛሬ የጨዋታው ዋና ክፍል ሆኗል። ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያዎቹ 12 ሜትሮች አካባቢ ይቀባሉ፤ ወደ ፒኖቹ ያለው ቀሪ ደረቅ ነው። መሐሉ ይበልጥ፣ ዳር ዳሩ በጥቂቱ ይቀባል። ዘይቱ ለዓይን አይታይም። በየውርወራውም ኳሱ ከላዩ ላይ እየጠረገ ይወስደዋል። ጠዋት የነበረው ወለል ከሰዓት በኋላ የለም።

ግራኙና የብሩክሊኑ ሰው

የ1970ዎቹን ሁለት ታላላቅ ተጫዋቾች የድሮ የቴሌቪዥን ቅጂዎች ደጋግሜ አይቻለሁ። አንደኛው ኧርል አንተኒ ነው። መነጽር ያደረገ፣ ፀጉሩን አጭር የተቆረጠ፣ መምህር ወይም የባንክ ሠራተኛ የሚመስል ሰው ነው። ግራኝ ነበር። አረማመዱ የተመጠነ፣ ክንዱ እንደ ሰዓት ፔንዱለም የሚወዛወዝ ነው። ኳሱን አያስገድደውም። በ1975 በአንድ የውድድር ዓመት ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ያገኘ የመጀመሪያው የቦሊንግ ተጫዋች ሆነ። በ1982 ደግሞ በጠቅላላው 1 ሚሊዮን ዶላር በማግኘት የመጀመሪያው እሱ ነው።

ሁለተኛው የብሩክሊን ተወላጁ ማርክ ሮት ነው። ሮት አይራመድም፤ እየተጣደፈ ይንደረደራል። ኳሱን ሲለቅ የሚያሽከረክረው በሙሉ ኃይሉ ነው። በ1978 በአንድ ዓመት 8 ውድድሮችን አሸነፈ። በጥር 5 ቀን 1980 ደግሞ በግራና በቀኝ ጥግ ተራርቀው የቀሩ ሁለት ፒኖችን በአንድ ውርወራ በመጣል፣ ይህን በቴሌቪዥን ስርጭት ላይ ያደረገ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

እነዚህ ሁለት ሰዎች ኳስ ቢለዋወጡ ምን ይሆን ነበር? በበኩሌ የሚሆነው ግልጽ ይመስለኛል። ለሮት ጉልበት እንዲመች የተመረጠ፣ ወለሉን ብዙ የማይቧጥጥ ኳስ በአንተኒ ለስላሳ እጅ ሳይታጠፍ ያልፍ ነበር። ለአንተኒ የሚመቸው ደግሞ በሮት እጅ ገና ከመንገዱ እኩሌታ ላይ ይጠመዘዝ ነበር። ሌላም ነገር አለ። ብዙው ሰው ቀኝ እጁን ስለሚጠቀም የወለሉ ቀኝ ወገን ዘይት ቶሎ ይጠረጋል፤ የግራው ወገን ሳይነካ ይቆያል። በዚህ የተነሣ ቀኝ እጆች ግራኞችን «የተለየ ወለል ላይ ነው የሚጫወቱት» እያሉ ይከሷቸው ነበር። ክሱ ፍጹም ሐሰት አልነበረም። እውነትነቱ ግን ግራኝ የሆነ ሁሉ ኧርል አንተኒ አለመሆኑን አያስረዳም።

ገንዳ ውስጥ ያደረ ኳስ

በዚሁ ዘመን የወለሉ ቅብ እየጠነከረና እየለሰለሰ በመሄዱ በ1960 ገደማ የመጡት የፕላስቲክ ኳሶች መያዣ አጡ። ዶን ማኩን የተባለ ተጫዋች መላ ዘየደ። ኳሱን በኬሚካል ፈሳሽ ውስጥ እየዘፈዘፈ ገጹን አለሰለሰው። የለሰለሰ ገጽ ወለሉን አጥብቆ ይይዛል። ማኩን በ1973 ስድስት ውድድሮችን አሸንፎ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ወሬው ሲሰማ ሌሎቹም በየሆቴሉ መዘፍዘፍ ጀመሩ። ፈሳሹ በቀላሉ እሳት የሚይዝ ነበርና ነገሩ ለሕይወትም የሚያሰጋ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የኳስ ጥንካሬ ከተወሰነ ልክ እንዳይወርድ ሕግ ወጣ። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባን፣ ዘፍዛፊው ብዙ ሲሆን በዚያ ዓመት ስድስቱን ዋንጫ የወሰደው ግን አንድ ሰው መሆኑን ነው።

ከዚያ በኋላ ፋብሪካዎቹ ራሳቸው መንገዱን ተከተሉት። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የዩረቴን ኳስ መጣ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ «ሪአክቲቭ» የሚሉት፣ በዘይቱ ላይ ተንሸራቶ ደረቁ ቦታ ሲደርስ ብርቱ ጥምዝ የሚሠራ ኳስ ተፈጠረ። ያስከተለው ለውጥ በአኃዝ ይታያል። በ1968–69 የውድድር ዘመን የአሜሪካው ማኅበር የመዘገባቸው የ300 ነጥብ ጨዋታዎች 905 ነበሩ። በ1998–99 ቁጥሩ 34,470 ደረሰ። የማኅበሩ አባላት ቁጥር ግን በዚህ መካከል ቀንሶ ነበር። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ተጫዋቾች «ዛሬ የሚጫወተው ኳሱ ነው እንጂ ሰው አይደለም» ቢሉ አይፈረድባቸውም። በ2022 እንኳ ማኅበሩ ከተፈቀደው በላይ ለስላሳ ሆነው ያገኛቸውን አንዳንድ ኳሶች ከብሔራዊ ውድድሮቹ አግዷል።

ይሁን እንጂ ይኸው ዘመናዊ ኳስ የእጅን ልዩነት አላጠፋም፤ ይባስ ብሎ አጎላው። ሆዱ ውስጥ የተቀበረ፣ ቅርጹ ሆን ተብሎ ያልተስተካከለ ከባድ እምብርት አለው። ከፋብሪካ ሲወጣ የጣት ቀዳዳ የለውም። ቀዳጁ ባለሙያ በመጀመሪያ የደንበኛውን እጅ ይለካል። ከዚያ ሲወረውር ያየዋል። ዘይቱ በኳሱ ላይ ትቶት ከሚመለሰው ቀለበት በመነሣት የዚያ ሰው ኳስ በየትኛው ነጥብ ዙሪያ እንደሚሽከረከር ያገኛል። ይህ ነጥብ እንደ ጣት አሻራ ከሰው ሰው ይለያያል። በእምብርቱ ምልክትና በዚህ ነጥብ መካከል ያለው ርቀት 8 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ከሆነ ኳሱ በጉዞው ላይ በብርቱ እየተናወጠ በየዙሩ ደረቅ ገጹን ለወለሉ ያቀርባል። ርቀቱ 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ ጸጥ ይላል።

የጥያቄያችን መልስ እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው የሻምፒዮኑን ኳስ ገዝቶ፣ ቀዳዳዎቹንም ልክ እንደ ሻምፒዮኑ ቢያስበሳ፣ የእሱ መሽከርከሪያ ነጥብ ሌላ ቦታ ስለሚያርፍ በእጁ ያለው ሌላ ኳስ ነው። ስሙና ቀለሙ ብቻ አንድ ሆነ። ገንዘብ እስከ ሱቁ በር ያደርሳል። ከዚያ ወዲያ ያለው የእጅ ነው።

ኳሱ እኩል፣ ሰዉ እኩል ያልሆነበት

ከዚህ ታሪክ ውስጥ በጣም የሚከነክነኝን ነገር ወደ መጨረሻ ያቆየሁት ሆን ብዬ ነው። ያ በ1895 ኳስን ለሁሉም እኩል ለማድረግ የተመሠረተ ማኅበር፣ በ1916 በመተዳደሪያ ደንቡ አባልነትን ለነጭ ወንዶች ብቻ ወሰነ። የኳሱን ክብደትና የወለሉን ስፋት በጥንቃቄ የለካው ያው እጅ፣ ወረድ ብሎ የሰውን ቆዳ ለካ። በዚያው ዓመት ሴቶች በሴይንት ሉዊስ የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ፤ ነገር ግን ይኸኛውም ለነጮች ብቻ ሆነ። ጥቁሮች በ1939 በዲትሮይት የራሳቸውን ብሔራዊ ማኅበር መሠረቱ። የጃፓን ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያንም ውጭ ቀሩ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመኪና ሠራተኞች ማኅበር፣ የጥቁሮችና የጃፓን አሜሪካውያን ድርጅቶች ተባብረው ትግል ጀመሩ። ለዚሁ የተቋቋመውን ኮሚቴ ከመሩት አንዱ የሚኒያፖሊስ ከንቲባ የነበረው፣ ኋላም የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት የሆነው ሂዩበርት ሀምፍሪ ነው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ማኅበሩ አንቀጹን የሰረዘው በ1950 ነው። በ34 ዓመት ውስጥ ስንት አንተኒ፣ ስንት ሮት ከበር ተመልሶ ይሆን? በልኩ የተሠራ ኳስ ቢኖርም እጁ ወለሉን እንዳይነካ የተከለከለ ሰው ጎበዝ ይሁን ሰነፍ ማን አወቀ?

ይህን ስመለከት የሚገባኝ አንድ ነገር ነው። ሰዎች መሣሪያን ማስተካከል ይቀላቸዋል፤ ይለካል፣ ይመዘናል፣ ማኅተም ይመታበታል። የሰው እጅ ግን ለልክ አይመችም። ስለማይመችም አንዳንዱን ገና ሳያዩት ያገሉታል፤ አንዳንዱን ካዩት በኋላ ይጠራጠሩታል።

ለዚህ ከቅርቡ ዘመን ሁለት ምስክሮች አሉኝ። አንደኛው አውስትራሊያዊው ጄሰን ቤልሞንቴ ነው። ወላጆቹ ቦሊንግ ቤት ስለነበራቸው ኳስ መጫወት የጀመረው በሕፃንነቱ ነው። ኳሱ ስለከበደው በሁለት እጁ ያዘው፤ አድጎም አልተወውም። አውራ ጣቱን ቀዳዳ ውስጥ አያስገባም። ከዚህ የተነሣ የሚሰጠው ሽክርክሪት ከብዙዎቹ ይልቃል። «ይህ ማታለል ነው» ያሉ ነበሩ፤ በደንቡ ውስጥ ግን የሚከለክለው አልተገኘም። በ2019 አንተኒ ከሌላ ተጫዋች ጋር ይጋራው የነበረውን የ10 ታላላቅ ውድድሮች ድል ክብረ ወሰን ሰበረ። ዛሬ በሁለት እጅ የሚወረውር ታዳጊ በየአገሩ ሞልቷል።

ሁለተኛዋ ኬሊ ኩሊክ ናት። በጥር 2010 ከወንዶች ጋር ተወዳድራ በሻምፒዮኖች ውድድር ፍጻሜ ላይ ክሪስ ባርንስን 265 ለ195 አሸነፈች። የወንዶቹን ጉብኝት ዋንጫ ያነሣች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት። ባርንስ በዘመኑ ከነበሩት ምርጦች አንዱ ነበር። በጉልበት ብቻ ቢሆን ፍርዱ አስቀድሞ የተጻፈ ነበር። ኩሊክ ግን የራሷን ፍጥነት፣ የራሷን ሽክርክሪትና ለእጇ የሚስማማውን ኳስ ታውቃለች። በዚያ ቀን በዚያ ወለል ላይ የሚበልጠው ያ ሆነ።

ወደ መዝናኛ ማዕከል ጎራ ለሚል አንባቢ ደግሞ አንዲት ነገር ልበል። በመደርደሪያው ላይ የተደረደሩት ኳሶች ለማንም እጅ የተበሱ አይደሉም፤ ለሁሉም ይሆናሉ ተብለው የተበሱ ናቸው። ጓደኛው ሦስት ስትራይክ የመታበትን ኳስ አንሥቶ ያው የሚደገም የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ኳሱን ከመንጠቁ በፊት ጓደኛው ሲወረውር ቆም ብሎ ቢያይ ይሻላል። በምን ፍጥነት ለቀቀው? ጣቶቹ ወዴት ዞሩ? ኳሱስ መታጠፍ የጀመረው የት ላይ ነው? ከዚያ የራሱን ወርውሮ ያስተያየው።